ኪሎው አልወርድ አለ፣ ወገቡ ግን ቀነሰ፦ ለአንዲት ሯጭ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41 ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ሴንቲ ሜትር። ሩጫ ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል፤ በሳምንት አራት ቀን፣ በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እሮጣለሁ። ስጀምር 74 ኪሎ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ 71 ወረድኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ለሦስት ወር ያህል ንቅንቅ አላለም። ወገቤ ከ88 ወደ 82 ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። አብራኝ የምትሮጥ ጓደኛዬ አንድ ኪሎ በቀነስሽ ቁጥር በግማሽ ማራቶን ላይ ሁለት ደቂቃ ታተርፊያለሽ ስላለችኝ፣ ከአምስት ሳምንት ወዲህ ምግቤን በቀን ወደ 1,400 ካሎሪ አውርጃለሁ። አሁን 70 ነኝ፤ ነገር ግን በረጅም ሩጫ ላይ እግሬ ይከብደኛል፣ ፍጥነቴም ቀንሷል። የቤቴ ሚዛን ደግሞ የስብ መጠኔን ጠዋት 33 በመቶ፣ ማታ 28 በመቶ እያለ ግራ ያጋባኛል። ለግማሽ ማራቶኑ 14 ሳምንት ቀርቶኛል። እስከዚያ ድረስ በ25 ዓመቴ ወደነበርኩበት 62 ኪሎ መመለስ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ? (የወር አበባዬም በዚህ ወር ቀርቷል፤ ከሩጫው ጋር ይያያዝ ይሆን?)»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅንፍ ካስቀመጧት ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልጀምር። ከኪሎውም፣ ከፍጥነቱም፣ ከስብ መቶኛውም በላይ ያሳሰበኝ እርሷ ናት።

በቅድሚያ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። በ41 ዓመት የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ሆነ ወደ ማረጥ የሚያሸጋግረው ጊዜ ዑደትን ሊያዛባ ስለሚችል እነዚህንም ማጣራት የሐኪም ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ ግን፣ ከአምስት ሳምንት የምግብ ቅነሳ በኋላ የወር አበባ መቅረት፣ የእግር መክበድና የፍጥነት መቀነስ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ የምረዳው ሰውነትዎ የሚደርሰው ኃይል አንሶት ቁጠባ መጀመሩን ነው። ቁጠባውንም የሚጀምረው ለዕለቱ ሕይወት የግድ ከማያስፈልገው ሥራ፣ ማለትም ከመራቢያ ሥርዓቱ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሩጫ በአንድ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት አንድ ካሎሪ ያህል ይጠይቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 2,800 ካሎሪ፣ በቀን ሲካፈል 400 ያህል ያወጣል። ከሚበሉት 1,400 ላይ ይህ 400 ሲቀነስ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለሆርሞን፣ ለአጥንት ጥገናና ለሰውነት ሙቀት የሚተርፈው 1,000 ብቻ ነው። ስብዎ 30 በመቶ ነው ብለን ብንነሣ ከስብ ውጪ ያለው አካልዎ 49 ኪሎ ይመዝናል። 1,000ን ለ49 ሲያካፍሉት ለአንድ ኪሎ 20 ካሎሪ ያህል ይደርሰዋል። አሜሪካዊቷ የሥነ አካል ተመራማሪ አን ላውክስ ከባልደረባቸው ጋር በ2003 ባሳተሙት ሙከራ፣ ይህ ቁጥር ከ30 በታች ሲወርድ የወር አበባን ዑደት የሚመራው ሆርሞን የአወጣጥ ምት በአምስት ቀን ውስጥ ብቻ ሲዛባ ታይቷል። 30 ለሁሉም ሴት እኩል የተሰመረ ድንበር አይደለም፤ አንዷ በ32 ትታወካለች፣ ሌላዋ 27 ላይም ዑደቷ አይናጋም። 20 ግን ከየትኛውም ወገን ቢታይ ዝቅተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሡ ይችላሉ። በእርግጥ 1,400 ብቻ እየበላሁ ከሆነ ለምን አንድ ኪሎ ብቻ ቀነስኩ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእርስዎ ክብደት፣ ዕድሜና የሩጫ መጠን ክብደትን ባለበት የሚያቆየው ምግብ በቀን 2,300 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 1,400ው በትክክል 1,400 ቢሆን ኖሮ በአምስት ሳምንት ወደ አራት ኪሎ ይወርዱ ነበር። አንዱ ምክንያት ምግብን መዝግቦ መቁጠር ለማንም ሰው አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በማብሰያ ጊዜ የገባ ዘይት፣ ቆሞ የተቀመሰ፣ በእረፍት ቀን የተበላ ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ራሳቸው የሚበሉትን አሳንሰው ሲገምቱ ታይቷል። ሁለተኛው፣ ሰውነት ምግብ ሲያንሰው ሳናውቀው እንቅስቃሴያችንን ይቀንሳል፤ ከሩጫ መልስ ሶፋ ላይ የምናሳልፈው ሰዓት ይረዝማል። ሦስተኛው ውሃ ነው፤ ድካምና የምግብ እጥረት ሲደራረቡ ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ የጠፋው ስብ በሚዛን ላይ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እውነተኛው አመጋገብዎ ከ1,400 ይልቅ ወደ 1,700 ቢጠጋ አይደንቀኝም። ሆኖም 1,700 ላይ እንኳ ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው 26 ካሎሪ ተኩል ነው፤ አሁንም ከ30 በታች ነው።

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 በስፖርተኞች ላይ ስለሚታየው የኃይል እጥረት የጋራ የባለሙያዎች መግለጫ አውጥቷል፤ በ2018 እና በ2023ም አድሶታል። መግለጫው ችግሩ የሴቶች ብቻ እንዳልሆነ፣ ወንዶችንም እንደሚያጠቃ፣ አጥንትን፣ የበሽታ መከላከል አቅምን፣ ስሜትንና ብቃትን ሁሉ እንደሚነካ ያስረዳል። ለእርስዎ በተለይ የሚያሰጋኝ አጥንት ነው። የወር አበባ ለወራት ሲቋረጥ አጥንትን የሚጠብቀው ኢስትሮጅን ይቀንሳል፤ እግርዎ ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደትዎ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ይቀበላል። የሯጮች የአጥንት መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ሐሳብ ልለፍ። ጓደኛዎ ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም። ከ70 ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ 1.4 በመቶ ነው፤ ግማሽ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ለሚጨርስ ሰው 1.4 በመቶ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሒሳቡ ልክ ነው። ክብደት በሩጫ ላይ ለውጥ አያመጣም የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎትም አይመኑት። ኪርክ ኩሬተንና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሯጮች ላይ ከክብደታቸው 5፣ 10 እና 15 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ሸክም አስረው ሲያስሮጧቸው፣ ሸክሙ በጨመረ ቁጥር የሚሮጡት ርቀት ቀንሷል። ሸክም ያዘገያል።

ልብ ይበሉ ግን፤ በዚያ ሙከራ የተጨመረውም የተነሣውም የሞተ ክብደት ነው። ሸክሙ ሲፈታ የሯጩ ጡንቻ፣ ደሙና ልቡ እንዳሉ ናቸው። ሰው በምግብ ቅነሳ ኪሎ ሲያወርድ ግን የሚወርደው ሁሉ ሸክም አይደለም፤ ከሚሸከመው አካልም ይቀነሳል። የጓደኛዎ ሒሳብ ውስጥ የጎደለው ይህ ነው። አንድ ኪሎ ቀነስኩ ከማለት በፊት ያ ኪሎ ከየት ተነሣ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቁጥር ላሳይዎት። ከ70 ወደ 66 ወርደዋል እንበል። በአንደኛው መንገድ አራቱም ኪሎ ከስብ ወጡ፤ ስብዎ ከ21 ወደ 17 ኪሎ ወረደ፣ ሌላው አካልዎ 49 ኪሎ እንደሆነ ቀረ፣ የስብ መቶኛዎ ወደ 26 ተጠጋ። በሁለተኛው መንገድ ከአራቱ ኪሎ አንዱ ተኩል ከጡንቻና ከሌላው አካል ሄደ፤ ስብዎ 18.5 ኪሎ፣ የቀረው 47.5 ኪሎ፣ የስብ መቶኛዎ 28 ሆነ። ሚዛኑ ላይ ሁለቱ ሴቶች አንድ ናቸው፤ ሁለቱም 66 ናቸው። ጎን ለጎን ሲሮጡ ግን አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ያህል ሰውነትዎ በከፍተኛ ጥረት ጊዜ በደቂቃ 2.5 ሊትር ኦክስጅን መጠቀም ይችላል ብንል፣ በ70 ኪሎ ለአንድ ኪሎ 35.7 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። በአንደኛው መንገድ 66 ሲገቡ ይህ ወደ 37.9 ያድጋል። በሁለተኛው መንገድ ያ 2.5 ሊትር በአምስት በመቶ ብቻ ቢቀንስ ውጤቱ 36 ነው። አራት ኪሎ ሙሉ ለመቀነስ ተርበው ያተረፉት እዚህ ግቡ የማይባል ነው፤ የእግር ጉልበትና የእንቅልፍ ኪሳራው ገና አልተቆጠረም።

ያ ሦስት ወር ሙሉ የቆመው ሚዛን ምን ይሠራ ነበር? ወገብዎ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ከሆድ አካባቢ ስብ መሄዱ ግልጽ ነው፤ በዚያው ጊዜ ሌላ ነገር ወደ ውስጥ ገብቷል። ሩጫ በጀመረ ሰው ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚጨምረው የደም ፈሳሽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት አሥር በመቶ ያህል፣ ማለትም ወደ ሩብ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቀጥሎ ጡንቻ የሚያጠራቅመው ግላይኮጅን ያድጋል። ግላይኮጅን ከምግብ የምናገኘው ስኳር ለሩጫ እንዲሆን በጡንቻና በጉበት የሚቀመጥበት መልክ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። 150 ግራም ተጨማሪ ግላይኮጅን ማለት በሚዛን ላይ 600 ግራም ነው። በዚህ ላይ የጭንና የባት ጡንቻ በመጠኑ ይጠነክራል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ከአንድ ኪሎ በላይ ስብ ቢጠፋ እንኳ ሚዛኑ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ስቡ ወደ ጡንቻ ተቀየረ» ይላል። አልተቀየረም፤ አይቀየርምም። ስብ ለብቻው ሄደ፤ ደም፣ ውሃ፣ ግላይኮጅንና ጥቂት ጡንቻ ለብቻቸው መጡ። እውነቱን ለመናገር ሩጫ ብቻውን ብዙ ጡንቻ አይገነባም፤ ስለዚህ የቆመ ሚዛን ሁሉ በጡንቻ ይመካኛል ብዬ አላጽናናዎትም። ወገቡም ኪሎውም ለወራት ካልተነቃነቁ መቆማቸው መቆም ነው። የእርስዎ ግን እንደዚያ አልነበረም። የወገብ ልክ ከቁመት እኩሌታ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ ለ165 ሴንቲ ሜትር ቁመት ድንበሩ 82.5 ነው። ከ88 ተነሥተው 82 ሲደርሱ ይህን ድንበር ተሻግረዋል። ለልብና ለስኳር በሽታ ተጋላጭነት ይህ ለውጥ ከሚዛኑ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። የሚያሳዝነኝ እርስዎ ይህን ያህል መንገድ በሄዱበት በዚያው ሰሞን ምንም እንዳልተለወጠ አስበው ምግብዎን መቀነስዎ ነው።

የቤትዎ ሚዛን ስብን በቀጥታ አይለካም። በአንድ እግር በኩል እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይልክና በሌላው እግር ይቀበላል፤ ፍሰቱ ምን ያህል እንደተቸገረ ይለካና ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከክብደት ጋር አጣምሮ ይገምታል። ውሃ የበዛበት ጡንቻ ፍሰቱን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስብ ያስቸግረዋል። እንግዲህ ውሃው ቦታ ሲቀይር ግምቱም ይቀየራል። ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ ፈሳሹ ከእግር ወደ ላይኛው አካል ተሰራጭቷል፣ በሌሊትም በትንፋሽና በላብ ውሃ ወጥቷል፤ እግር ይደርቅና መሣሪያው 33 ይላል። ቀኑን ሙሉ ቆመውና ተቀምጠው ከዋሉ በኋላ ፈሳሹ ወደ እግር ሲወርድ 28 ይላል። በአንድ ቀን ውስጥ ከሦስት ኪሎ በላይ ስብ አልጠፋም። ከላይ 30 በመቶ ብዬ የተነሣሁት በሁለቱ መካከል ያለ ግምት ስለሆነ ነው፤ 28 ወይም 33 ቢሆንም ድምዳሜዬ አይለወጥም።

መሣሪያውን አይጣሉት፤ ቁጥሩን ግን እንደ አዝማሚያ ብቻ ይዩት። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከመጠጣትዎና ከመብላትዎ በፊት ይመዘኑ፤ ከረጅም ሩጫ ማግስት ግን አይመዘኑ፤ ጡንቻው አብጦ ውሃ ስለሚይዝ ያታልላል። ነጠላ ቀንን ከነጠላ ቀን አያወዳድሩ፤ የአራት ሳምንት አማካይን ከሚቀጥለው አራት ሳምንት ጋር ያወዳድሩ። ለሴቶች ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ በወር አበባ ዑደት ውስጥ ውሃ ይመጣል፣ ውሃ ይሄዳል። ከተቻለ በዓመት አንድ ጊዜ በአነስተኛ ራጅ ስብን፣ ጡንቻንና አጥንትን ለይቶ በሚያሳየው መሣሪያ መታየት ጥሩ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ትልቁ ጥቅሙ የስብ መቶኛው ሳይሆን የአጥንትዎን ጥንካሬ ማሳየቱ ነው። የአንዱን መሣሪያ ውጤት ከሌላው ጋር ግን አያነጻጽሩ፤ እያንዳንዱ የራሱ ስሕተት አለው።

ወገብን ሲለኩ ሜትሩን በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ያሳርፉት፤ ሳያጠብቁ፣ ሆድዎን ወደ ውስጥ ሳይስቡ፣ በተለመደው መንገድ አየር አስወጥተው ሲጨርሱ ያንብቡት። ሁለት ጊዜ ይለኩና አማካዩን ይያዙ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

62 ኪሎስ? በ14 ሳምንት ስምንት ኪሎ ለማውረድ በየቀኑ 630 ካሎሪ ያህል ማጉደል ያስፈልጋል። ከ2,300 ላይ 630 ሲቀነስ 1,670 ነው፤ የሩጫውን 400 ያውጡለትና ለ49 ያካፍሉት፤ 26 ካሎሪ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ግብ በተሳካ ሁኔታ እንኳ ቢከናወን 14 ሳምንት ሙሉ ከዚያ ከ30 በታች ካለው ክልል እንዲኖሩ ይጠይቃል፤ ያውም የሩጫው ልምምድ በሚከብድበት ጊዜ። ለዚህ ነው 62ን ከዚህ ውድድር ጋር አያይዤ የማልቀበለው። በ25 ዓመትዎ 62 በነበሩበት ጊዜ ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ጡንቻ እንደነበረም አናውቅም። በዚያ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር መሮጥ ይችሉ ነበር? ካልቻሉ ያ አካል ለአሁኗ ሯጭ አርአያ ሊሆን አይገባም። የቁመትና የክብደት ሰንጠረዦችም ቢሆኑ መነሻቸው ከግለሰብ ይልቅ ሕዝብ ነው፤ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያዛምደውን ስሌት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጅየማዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኬትሌ ሲሆን፣ ስሌቱ ስቡን ከጡንቻው ለይቶ የሚያይበት መንገድ የለውም።

አሁን ምን ያድርጉ ወደሚለው ልምጣ። ቅነሳውን ዛሬ ያቁሙ። ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ቢያንስ ወደ 2,300 ካሎሪ ይመለሱ፤ ረጅም ሩጫ ባለበት ቀን ከዚያም ይለፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። እባክዎ አይደንግጡ፤ ባዶ የነበረው የግላይኮጅን ጎተራ ከነውሃው እየሞላ ነው። በአምስት ቀን አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልግዎ በላይ በቀን 1,500 ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል፤ እርስዎ ያን አያደርጉም። እግርዎ በረጅም ሩጫ ላይ ሲቀልል የሚሰማዎትም በዚያው ሰሞን ነው፤ የሚከብደው እግር ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ያለቀበት እግር ነው። ከጠንካራ ልምምድ በፊት በባዶ ሆድ አይውጡ፤ ከ90 ደቂቃ በላይ ሲሮጡ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰዱ።

ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም፣ ለእርስዎ 112 ግራም ገደማ ይሁን፤ በአራት ማዕድ ቢከፋፍሉት በእያንዳንዱ 28 ግራም ይደርሳል። ክብደት በሚቀንሱበት ጊዜ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። በካናዳ በ2016 በታተመ ጥናት፣ ምግባቸው በ40 በመቶ የተቀነሰባቸውና ጠንክረው የሚሠሩ ወጣት ወንዶች በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር። በቀን ለአንድ ኪሎ 2.4 ግራም ፕሮቲን ያገኙት በአራት ሳምንት 4.8 ኪሎ ስብ ሲያወርዱ ከስብ ነጻ የሆነው አካላቸው 1.2 ኪሎ ጨምሯል፤ ግማሹን ፕሮቲን ያገኙት ግን ያላቸውን ጠብቀው ከመቆየት ያለፈ አላገኙም። እርስዎ ወጣት ወንድ አይደሉምና ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት፤ አቅጣጫው ግን ለሁላችንም ይሠራል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ የክብደት ልምምድ ይጨምሩ። ቁጭ ብድግ በሸክም፣ ከመሬት ክብደት ማንሣት፣ በአንድ እግር ደረጃ መውጣት፣ በጣት ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፤ እያንዳንዱን ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ የመጨረሻው ከበድ በሚልበት ሸክም። «ክብደት ካነሣሁ እደነድናለሁ» የሚል ፍርሃት ከሯጮች ዘወትር እሰማለሁ። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በሁለት ቀን ልምምድ አይደነድንም። በ1999 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሯጮችን ለዘጠኝ ሳምንት ከልምምዳቸው ሲሶ ያህሉን በዝላይና በፈጣን የኃይል ልምምድ ሲያስተኩ፣ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሽሏል፤ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀማቸው ግን አልጨመረም። ያተረፉት እያንዳንዱን እርምጃ በአነስተኛ ኃይል መራመድ በመቻላቸው ነው። ጓደኛዎ የነገረችዎት ሁለት ደቂቃ በዚህም በር ሊገባ ይችላል፤ ለዚያውም ሳይራቡ።

ከውድድሩ በኋላ፣ ዑደትዎ ተመልሶ ከሆነ፣ ስብ ለመቀነስ ጥሩ ጊዜ ያገኛሉ። ያን ጊዜ በቀን 200 እስከ 250 ካሎሪ ብቻ ያጉድሉ። በ2,100 አካባቢ ሲበሉ ለአንድ ኪሎ የሚተርፈው 34 ካሎሪ ያህል ነው፤ ከአደጋው ድንበር በላይ ነው። በሳምንት 200 ግራም ያህል ይወርዳል። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ሆኖም በኖርዌይ በ2011 በከፍተኛ ደረጃ ስፖርተኞች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በሳምንት ከክብደታቸው 0.7 በመቶ የቀነሱት የክብደት ልምምድ እየሠሩ ጡንቻቸውን ሲያሳድጉ፣ በእጥፍ የፈጠኑት ግን ሊያሳድጉ አልቻሉም። እርስዎ ከቀርፋፋዎቹም ይበልጥ ቀርፋፋ ቢሆኑ ምርጫዬ ነው፤ ምክንያቱም ስፖርት ሥራዎ አይደለም፣ የሚያስቸኩልዎትም የለም። በስድስት ወር 66 ወይም 65 ቢደርሱና ወገብዎ 78 ቢገባ፣ 62ን ከዚያ በኋላ ይፈልጉት እንደሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

የሚቀጥለው የወር አበባም ከቀረ ሦስተኛውን አይጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ምን ያህል እንደሚሮጡና ምን ያህል እንደቀነሱ ሳይደብቁ ይንገሩ። የታይሮይድ፣ የብረት ክምችትና የመራቢያ ሆርሞኖች ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ የብረት ማነስ ብቻውንም እግርን ያከብዳልና። በቅልጥም ወይም በእግር መዳፍ ላይ በአንዲት ጣት ሊጠቁሙት የሚችሉት፣ ሲሮጡ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከተሰማዎት ደግሞ ልምምዱን በዚያው ቀን ያቁሙና ይመርመሩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሰው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። የወር አበባዎ መጥቶ እንደሆነ፣ የወገብዎን ልክ፣ በምቹ ፍጥነት 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚወስድብዎትን ጊዜና በዚያ ሩጫ የልብ ምትዎን ይላኩልኝ። ኪሎውን መላክ ከፈለጉም ይላኩት፤ ግን የአራት ሳምንቱን አማካይ።